«ክፈል» የሚለው አዝራር መቼ ይጫን? ከጣና ዳር የአሳ መረከቢያ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር አሳ የሚረከብ አንድ የአሳ አስጋሪዎች ማኅበር አለ። ማኅበሩ የመጣለትን አሳ የሚመዘግበውም ለአስጋሪዎቹ የሚከፍለውም በማይክሮሶፍት አክሰስ፣ ማለትም በመረጃ ቋት መሥሪያ ሶፍትዌር፣ በተሠራ ፕሮግራም ነው። አንድ ሰሞን ለአንድ የሚዛን ወረቀት ሁለት ጊዜ ክፍያ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ገንዘብ ያዧ ላይ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ፎርሙ (መረጃ የሚሞላበት የስክሪን ገጽ) ላይ ካሉት አዝራሮች ነበር። መጫን በማይገባቸው ጊዜ ይጫናሉ። መጫን በሚገባቸው ጊዜ ደግሞ ደብዝዘው ይቀራሉ።

ጉዳዩን የምጽፈው በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ተመሳሳይ ፎርም ስለማይ ነው። ፋርማሲ፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መስኮት፣ ሁሉም ጋ «ክፈል»፣ «አትም»፣ «ሰርዝ» የሚሉ አዝራሮች አሉ። አዝራሩ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚደበዝዝ ካልታሰበበት፣ ዕዳው የሚያርፈው መስኮቱ ላይ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ነው። የማኅበሩንም የሠራተኞቹንም ስም አልጠቅስም።

ቦታውና አሠራሩ

አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ጎሕ ሲቀድ ያነሣሉ። ከፊሎቹ በሞተር ጀልባ፣ ከፊሎቹ በደንገል ታንኳ ይመጣሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ አሳው በየዓይነቱ ይለያል። መዛኙ ይመዝናል፤ ሚዛኑ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ይመዘግባል። ቁጥር ያለው የሚዛን ወረቀት ከነቅጂው ይወጣል። አስጋሪው ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍያ መስኮት ያልፋል።

የክፍያ መስኮቶቹ ሁለት ናቸው። ገንዘብ ያዧ የወረቀቱን ቁጥር ታስገባለች። የአሳው ዓይነት፣ ኪሎውና የዕለቱ ዋጋ ይመጣላታል። አስጋሪው ለመረብ ወይም ለነዳጅ የተበደረው ካለ በ«ተቀናሽ» ሳጥን ውስጥ ትጽፋለች። ከዚያ «ክፈል» ትላለች፣ ደረሰኝ ይታተማል፣ ብር ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥድፊያ ነው። አሳ ፀሐይ ላይ አይቆይም። ነጋዴው በረዶውን ይዞ ይጠብቃል። አስጋሪው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ብሩን ተቀብሎ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። በጾም ወራት የአሳ ፈላጊ ሲበዛ ሰልፉ ከበር ወጥቶ እስከ ጀልባዎቹ ይደርሳል። ፎርሙ መታየት ያለበት በዚህ ሰዓት ነው። ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲሞክሩት ደህና የሚመስል ፎርም እዚህ ሲመጣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልናገር። ዳታው ያለበት ፋይል ሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፎርሞቹን የያዘ የየራሳቸው ፋይል አላቸው፤ በኔትወርክ ገመድ ከዳታው ጋር ይገናኛሉ። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። አክሰስን «አሮጌ ነው» ብለው ወዲያ የሚገፉት አሉ። እኔ አልስማማም። ለአራት ኮምፒውተርና ለአንድ ሚዛን ያንሳል የሚባል መሣሪያ አይደለም።

ችግሩ ምን ነበር

ድርብ ክፍያው በሁለት መንገድ ይመጣ ነበር።

አንደኛው በፕሪንተሩ ነው። «ክፈል» ሲጫን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ደረሰኙን ያትማል፤ ክፍያውን የሚመዘግበው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሪንተሩ ሲዘገይ ስክሪኑ ላይ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ገንዘብ ያዧ «አልተጫነ ይሆናል» ብላ ትደግመዋለች። ሁለተኛው ክሊክ ወረፋውን ይዞ ይጠብቅና የመጀመሪያው ሥራ ሲያልቅ ተራው ደርሶ ይሠራል። ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት የክፍያ መስመር።

ሁለተኛው በሁለቱ መስኮቶች መካከል ነው። አንድ ጀልባ የሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። አንዱ ዋናውን ወረቀት፣ ሌላው ቅጂውን ይዞ ይሰለፋል። ሁለቱም ጓደኛው ገና አልተቀበለም ብሎ ያስባል። ተንኮል የለበትም። ሁለቱ ፎርሞች አንዱን ወረቀት በአንድ ጊዜ ከፍተው ሁለቱም ላይ «ክፈል» በርቶ ይታያል።

ሌላም ነበር። ከተከፈለ በኋላ መዛኙ ኪሎውን ማስተካከል ይችላል። ደረሰኙ ላይ ያለውና መዝገቡ ውስጥ ያለው ኪሎ ይለያያሉ። ሒሳብ ሹሙ ማታ ሲያስታርቅ አይገጥምለትም።

ቀድሞ የተሞከረው

እኔ ከመጠራቴ በፊት የማኅበሩ ወጣት ዳታ ሠራተኛ በራሱ ጥረት ብዙ ሞክሮ ነበር። አክሰስን ማንም አላስተማረውም፤ እየነካካ ነው የተማረው። የሄደባቸው መንገዶች አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሄድባቸው ስለሆኑ መመዝገባቸው ይጠቅማል።

መጀመሪያ «ተከፍሎ ከሆነ አዝራሩን አጥፋ» የሚለውን ኮድ ፎርሙ ሲከፈት በሚነሣው ኦን ኦፕን ኢቨንት (አንድ ነገር ሲሆን ኮድ የሚያስነሣ አጋጣሚ) ላይ ጻፈው። ኦን ኦፕን ግን የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው መዝገብ ከመታየቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያዧ ወደ ሌላ ወረቀት ስትሄድ አዝራሩ ባለበት ይቀራል። ጠዋት በርቶ ከተከፈተ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል። ደብዝዞ ከተከፈተም እንደዚያው።

ቀጥሎ አዝራሩ ራሱ ሲጫን ራሱን እንዲያጠፋ አደረገ። አክሰስ ይህን አይፈቅድም። ፎከስ የያዘን ነገር፣ ማለትም ኪቦርዱ በዚያች ቅጽበት የሚሠራበትን፣ ማጥፋት አይቻልም፤ 2164 የሚል የስህተት ቁጥር ያወጣል። የተጫነ አዝራር ደግሞ ፎከሱ እሱ ጋ ነው። ስህተቱ ሰው እያስደነገጠ ሲያስቸግር ልጁ «ስህተት ቢመጣም ዝም ብለህ ቀጥል» የሚለውን መስመር ጨመረበት። መልእክቱ ጠፋ። አዝራሩም ሳይጠፋ ቀረ። ይህ መስመር በብዙ ኮድ ውስጥ የማየው ነው፤ ሕመሙን ሳያድን ጩኸቱን ብቻ ያፍናል።

ሦስተኛው ሙከራ ዋጋን የሚመለከት ነበር። የዕለቱ ዋጋ ጠዋት በኮሚቴ ይወሰናል። ዋጋው ሳይገባ ክፍያ እንዳይጀመር «ድምሩ ከዜሮ በላይ ካልሆነ አጥፋ፣ አለበለዚያ አብራ» ብሎ ጻፈ። ሲነበብ ትክክል ይመስላል። ዋጋው ባዶ ሲሆን ግን ድምሩ ዜሮ አይሆንም፤ ነል ነው፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ማለት ነው። ነልን ከምንም ጋር ብታወዳድረው መልሱ ነል ነው። ኢፍ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ነል ሲመጣለት «እውነት አይደለም» ብሎ ወደ ኤልስ፣ ማለትም ወደ «አለበለዚያ»፣ ያልፋል። ኤልሱ ላይ ያለው «አብራ» ነው። እናም ዋጋ ያልተቆረጠለት አሳ ላይ «ክፈል» በደንብ በርቶ ይጠብቃል።

እኔ ስመጣ ፎርሙ ውስጥ አዝራር የሚያበራና የሚያጠፋ መስመር በየቦታው ተበትኖ ነበር። አንዱ ያበራውን ሌላው ያጠፋዋል። ማን የመጨረሻውን ቃል እንደሚናገር ኮዱን አንብቦ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ

ኮዱን ከመንካቴ በፊት ጠዋት በጥድፊያው ሰዓት ከገንዘብ ያዧ ጎን ተቀመጥኩ። አንድ አረጋዊ አስጋሪ ወረቀታቸውን አቀረቡ። «ክፈል» ደብዝዟል። ቁጥሩን ደግማ አስገባች። አሁንም ደብዝዟል።

«የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ዛሬም አኩርፏል?» አሏት።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለችና ፎርሙን ዘግታ ከፈተችው።

ምክንያቱን ኋላ አገኘነው፤ የአምባዛ ዋጋ አልገባም ነበር። ልጁ ከበተናቸው መስመሮች አንዱ በዚህኛው ፎርም ላይ ባዶውን ዋጋ በትክክል ይይዝ ነበር ማለት ነው። አዝራሩ መደብዘዙ ልክ ነው። ግን ለምን እንደደበዘዘ ማንም አያውቅም። ሰውዬው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እሷ ፎርም ትዘጋለች ትከፍታለች።

ሰልፉ ሲያልቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ደብዝዞ ዝም ከሚለኝ፣ ለምን እንደማይሆን ቢነግረኝ እኔም ለሰው እነግራለሁ።»

ሥራው ሁሉ የተሠራው በዚህ ንግግር ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ምክንያቱን የሚመልስ አንድ ፈንክሽን

ከልጁ ጋር ሆነን የተበተኑትን መስመሮች በሙሉ አወጣናቸው። በምትካቸው አንድ ፈንክሽን፣ ሲጠሩት መልስ የሚሰጥ የኮድ ክፍል፣ ጻፍን። ፈንክሽኑ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» አይልም። የሚመልሰው ክፍያውን የሚከለክለውን ምክንያት በጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ተሰርዞ ከሆነ «ይህ ወረቀት ተሰርዟል» ይላል። ተከፍሎ ከሆነ የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደከፈለ ይናገራል። ዋጋ ካልገባ የየትኛው አሳ ዋጋ እንደሆነ ጠቅሶ ሒሳብ ሹሙ እንዲጠየቅ ይጠቁማል። ተቀናሹ ከድምሩ ከበለጠም ያንን ይናገራል። የሚከለክል ነገር ከሌለ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል።

አዝራሩ የሚበራው መልሱ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ባዶ ካልሆነ ያው ጽሑፍ ከአዝራሩ ሥር በጉልህ ይጻፋል። ስለዚህ አዝራሩና ማብራሪያው ሊጋጩ አይችሉም፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ቦታ ነው። ባዶ የሆኑ ሳጥኖችም እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ ነልን በዜሮ ወይም በሌላ እሴት በሚተካው ኤንዜድ ፈንክሽን ይስተናገዳሉ።

የምክንያቶቹ ቅደም ተከተል ላይ ቆም ብለን አስበናል። የተሰረዘ ወረቀት ዋጋም ላይኖረው ይችላል። መጀመሪያ «ዋጋ አልገባም» ብንል ገንዘብ ያዧ ሒሳብ ሹሙ ዘንድ በከንቱ ትመላለሳለች። ሊለወጥ የማይችለው ምክንያት ይቀድማል፤ ሊስተካከል የሚችለው ይከተላል።

አንድ ምክንያት ከሙከራ በኋላ ነው የተጨመረው። ገንዘብ ያዧ የሌለ ቁጥር ስታስገባ ፎርሙ ላይ የሚቆየው የቀድሞው ሰው ወረቀት ነው። በጥድፊያ ውስጥ ያ አደገኛ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ የገባው ቁጥርና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆናቸውን ከሁሉ አስቀድሞ ያያል።

መቼ ይጠየቅ?

ፈንክሽኑ ጥሩ ቢሆንም በትክክለኛው ሰዓት ካልተጠራ ዋጋ የለውም። አንድ መዝገብ ስክሪኑ ላይ በመጣ ቁጥር የሚነሣው ኦን ከረንት ነው፤ ዋናው ጥሪ እዚያ ተቀመጠ። ኦን ከረንት ግን መዝገብ ስለተቀመጠ ብቻ አይነሣም። ስለዚህ ለውጡ ከተቀመጠ በኋላ በሚነሣው የፎርሙ አፍተር አፕዴት ላይም ጠራነው። «ተቀናሽ» የሚለው ሳጥንም የራሱ አፍተር አፕዴት አለው፤ እዚያም አለ።

በየፊደሉ የሚነሣው ኦን ቼንጅ ላይም ሞክረነው ነበር። አልሆነም። ገና እየተጻፈ ያለው ቁጥር የሳጥኑ ቫልዩ (የጸደቀው እሴት) ውስጥ ስለማይገባ ፈንክሽኑ የሚያየው የድሮውን ነው። በዚያ ላይ በየፊደሉ በኔትወርኩ ላይ ጥያቄ ይላካል፤ ጽሑፉ ይጎተታል። አወጣነው።

«መልስ» የሚለው፣ ያልተቀመጠ ለውጥን የሚያጠፋው አዝራር የራሱ ጣጣ ነበረው። መብራት ያለበት ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው። ለውጥ ሲጀመር በሚነሣው ኦን ደርቲ ላይ ይበራል፣ ለውጥ ሲመለስ በሚነሣው ኦን አንዱ (On Undo) ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ኦን አንዱ የተባለው ኢቨንት ግን የሚነሣው ለውጡ ከመመለሱ በፊት ነው። በዚያች ቅጽበት ፎርሙን «ያልተቀመጠ ነገር አለህ ወይ?» ብለህ ብትጠይቀው «አለኝ» ይላል። አዝራሩ በርቶ ይቀራል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ፎርሙን መጠየቅ ትተን መልሱን ራሳችን አቀበልነው።

ፎከሱን አስቀድሞ ማንሣት

የ2164 ስህተት የተፈታው በአንድ መስመር ነው። ክፍያው እንዳለቀ፣ አዝራሩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ፎከሱ ወደ ወረቀት ቁጥር ሳጥን ይሄዳል። ይህ ለገንዘብ ያዧም ተስማማት። ቀና ብላ ቀጣዩን ሰው ስታይ ሳጥኑ ቁጥር ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ስህተቱን የሚያፍነውን መስመርም ከፎርሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስወጣነው።

ዘቡ ያለው ዳታው ላይ ነው

እስከዚህ ያለው ሁሉ የሚጠቅመው ለአንድ ስክሪን ነው። ሁለቱን መስኮቶች አይጠብቅም። አንደኛው መስኮት ሲከፍል የሁለተኛው ፎርም ወዲያው አያውቅም። አክሰስ የታየውን ዳታ በራሱ የሚያድሰው፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ በየ60 ሰከንዱ ነው። በ60 ሰከንድ ውስጥ ብዙ ብር ይወጣል። ታይመር አድርገን በየሰከንዱ እንዲያድስ አሰብን፤ ስክሪኑ እየተርገበገበ አስቸገረ፣ ኔትወርኩም ከበደው። ቢሠራ እንኳ በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ክፍተት አለ።

መፍትሔው ሌላ ቦታ ነበር። የክፍያ ሠንጠረዡ ውስጥ የወረቀት ቁጥሩ ላይ ድግግሞሽ የማይፈቅድ ኢንዴክስ አደረግን። አንድ ወረቀት ሁለት የክፍያ መስመር ሊኖረው አይችልም። የትኛውም መስኮት ይሞክር፣ ስንት ጊዜም ይጫን፣ ሁለተኛው ይመለሳል። «ተከፍሏል» የሚለውን ምልክትም አስቀረነው፤ ወረቀት ተከፈለ የሚባለው የክፍያ መስመር ሲኖረው ነው።

ኢንዴክሱን ለመጨመር ስንሞክር አክሰስ እምቢ አለ። የቆዩ ድግግሞሾች ስለነበሩ ነው። ይህ ራሱ ጠቀመ፤ ድርብ የተከፈሉት ወረቀቶች የትኞቹ እንደሆኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አላጠፋናቸውም። ሒሳብ ሹሙ ባለበት ወደ ሌላ ሠንጠረዥ አዛወርናቸው። የማኅበሩ ሰብሳቢ አስጋሪዎቹን አንድ በአንድ አነጋገሩ። አብዛኞቹ ሳያንገራግሩ በቀጣዩ ሚዛናቸው አቻቻሉ።

ኮዱ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክፍያ መስመሩን የሚያስገባው ኤክሲኪውት የሚለው ትእዛዝ ዲቢ ፌይል ኦን ኤረር የሚባለው አማራጭ ካልተሰጠው፣ ድግግሞሽ ሲገጥመው ዝም ብሎ ያልፋል። መስመሩ አልገባም፣ ስህተትም የለም፣ ኮዱ ግን ወደ ማተም ይሄዳል። አማራጩ ሲሰጠው 3022 የሚል ስህተት ይመጣል። ያንን ይዘን «ይህ ወረቀት አሁን በሌላው መስኮት ተከፍሏል» ወደሚል መልእክት ለወጥነው።

ቅደም ተከተሉንም ገለበጥነው። ፎርሙ ያልተቀመጠ ነገር ካለው መጀመሪያ ይቀመጣል። ምክንያቱ እንደገና ይጠየቃል። የክፍያ መስመሩ ይገባል። ደረሰኝ የሚታተመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፕሪንተሩ ቢያስቸግር ክፍያው ተመዝግቧል፤ «ደረሰኝ አትም» የሚለው አዝራር በርቶ ይጠብቃል። ድጋሚ የታተመ ደረሰኝ «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ አለው።

ለመዛኙም ተመሳሳይ ዘብ ቆመ። ከተከፈለ በኋላ የኪሎው ሳጥን ሎክድ (የተቆለፈ) ይሆናል። ኢኔብልድ (መነካት የሚችል) የሚለውን አላጠፋንም፤ ያ ከጠፋ ሳጥኑ ይደበዝዛል፣ ሒሳብ ሹሙም ቁጥሩን መርጦ ኮፒ ማድረግ አይችልም። ሎክድ ሲሆን ይነበባል፣ ይቀዳል፣ አይለወጥም። ሠንጠረዡን በቀጥታ ከፍቶ የሚገባ ሰው እንዳያመልጥ ደግሞ ከአክሰስ 2010 እትም ጀምሮ ባለው፣ ሠንጠረዡ ውስጥ በሚቀመጠው ዳታ ማክሮ፣ ለውጥ ከመቀመጡ በፊት በሚነሣው ቢፎር ቼንጅ ላይ ክልከላ ጻፍን።

ያልሠራውና የተለወጠው

ያልተቀመጠ ለውጥ ሲኖር «ክፈል» እንዲደበዝዝና «መጀመሪያ ይቀመጥ» እንዲል አድርገን ነበር። ንጹሕ አሠራር መሰለን። ገንዘብ ያዦቹ ግን አልወደዱትም። ተቀናሽ ባለበት ሰው ሁሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ክሊክ ማለት ነው። ልክ ነበሩ። ፕሮግራሙ ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሰውን ማስደረግ ተገቢ አይደለም። «ክፈል» ራሱ እንዲያስቀምጥ አደረግን።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የታብ፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚያሻግረው ቁልፍ፣ ነገር ነው። ሁለተኛዋ ገንዘብ ያዥ ማውስ አትነካም። ተቀናሹን ጽፋ ታብ፣ ከዚያ ኢንተር። እጇ ለምዶታል። የደበዘዘ አዝራር ግን በታብ ይዘለላል። «ክፈል» ሲደበዝዝ ታቡ ቀጥሎ ያለው ላይ ያርፋል። ቀጥሎ የነበረው «ሰርዝ» ነው። ኢንተሩ ወረቀቱን ሊሰርዝ ነበር። ከመሰረዙ በፊት የሚጠይቀው መልእክት ነው ያስቆመው። «ሰርዝ»ን ከታብ መንገድ አወጣነው፤ ቦታውንም ወደ ፎርሙ ሌላ ጥግ ወሰድነው። አዝራር ማደብዘዝ የፎርሙን መልክ ብቻ ሳይሆን የጣትን መንገድም ይለውጣል። ማውስ ይዞ የሚሞክር ሰው ይህን በጭራሽ አያየውም።

የሒሳብ ሹሙ ዝርዝር ፎርም ላይም አንድ ነገር አልሆነም። በየመስመሩ «ዝርዝሩን አሳይ» የሚል አዝራር አለ። የተከፈሉት መስመሮች ላይ በርቶ የቀሩት ላይ እንዲደበዝዝ ፈለገ። እንዲህ ባለ ተከታታይ ፎርም ላይ ግን አዝራሩ አንድ ነው፤ በየመስመሩ የሚታየው ያው አንዱ ተደጋግሞ የተሣለው ነው። አንዱን ስታጠፋ ሁሉም ይጠፋል። እንደ ሁኔታው መልክ የሚለውጠው ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ለጽሑፍ ሳጥን ይሠራል፣ ለአዝራር አይሠራም። አዝራሩን ከመስመሩ አውጥተን ወደ ፎርሙ ግርጌ አወረድነው። የተመረጠውን መስመር አይቶ ይበራል ወይም ይደበዝዛል።

አዲሱ ፎርም ሥራ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ሚዛኑ እሑድ ስለማይከፈት እሑድን ለመግጠምና ለመሞከር ተጠቀምንበት። ድርብ ክፍያ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። 3022ን የሚተረጉመው መልእክት ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። ኢንዴክሱ ባይኖር እነዚህ ሁሉ ድርብ ክፍያ ይሆኑ ነበር። ገንዘብ ያዧ ከአዝራሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ለሰው ጮክ ብላ ታነባለች። «አባቴ፣ የአምባዛ ዋጋ ገና አልገባም፤ ሒሳብ ሹሙ አሁን ያስገባሉ።» ሰው ምክንያቱን ሲሰማ ይጠብቃል።

ለሌላ ቢሮ የሚሆነው

ተመሳሳይ ፎርም ያለው ሰው ሥራውን ከአዝራሩ ባይጀምር እመክራለሁ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ «ይህ ነገር የማይቻለው መቼ መቼ ነው?» ብሎ ይጻፍ። ዝርዝሩን የሚያውቀው ፕሮግራም ጸሐፊው አይደለም፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ያ ዝርዝር እንዳለ ወደ ፈንክሽን ይገባል፣ ቃላቱም እንዳሉ ስክሪን ላይ ይወጣሉ። እኛ ጋ ያሉት መልእክቶች ገንዘብ ያዦቹ ራሳቸው የተናገሯቸው ናቸው።

ከዚያ እያንዳንዱን ክልከላ «አዝራሩ ባይደበዝዝ ምን ይፈጠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «ሰው ይደናገራል» ከሆነ ማደብዘዝና ማስረዳት ይበቃል። መልሱ «ገንዘብ ይወጣል» ወይም «መዝገብ ይበላሻል» ከሆነ ግን ክልከላው ሠንጠረዡ ውስጥ መግባት አለበት። አዝራር የሚያውቀው የራሱን ስክሪን ብቻ ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሙከራውም በሁለት ኮምፒውተር፣ አንዴ በማውስ አንዴ በኪቦርድ ብቻ፣ ፕሪንተሩ ጠፍቶ፣ ዋጋው ባዶ ሆኖ ይሁን። ካገኘናቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ የሚወጡ ናቸው።

የቀረው

የተሳሳተ ክፍያን ማረም ገና አልተፈታም። ኢንዴክሱ ሁለተኛ መስመር አይፈቅድም። ኪሎው ራሱ ስህተት ሆኖ ከተከፈለ ደግሞ ማስተካከያው የት ይመዝገብ? ለጊዜው ሒሳብ ሹሙ በእጅ መዝገብ ይይዘዋል። ያሰብነው የማስተካከያ ሠንጠረዥ ለብቻው እንዲኖርና «አስተካክል» የሚለው አዝራር በሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲበራ ነው። ማን ያጽድቀው የሚለውን ኮሚቴው እየተነጋገረበት ነው። ልጁ እስከዚያው የምክንያቶቹን ዝርዝር መጻፍ ጀምሯል።